“ከሄድሽ አትመለሺ” ለተባለች ተማሪ

ከቱሉ ዲምቱ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ኬሚካል ኢንጂነሪንግ አራተኛ ዓመት ልትገቢ ነው። ኢራስመስ ፕላስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የተማሪ ልውውጥ ፕሮግራም ለአንድ ሴሚስተር ፖላንድ እንድትማሪ ተመርጠሻል። እንኳን ደስ አለሽ! ያስጨነቀሽ ግን ሌላ ነው። አጎትሽ ዕቁባቸውን ቀድመው ወስደው “ለመቋቋሚያሽ” ብለው አስቀምጠዋል። ከፖላንድ ወደ ጀርመን የሚያሻግር ሰውም አግኝተዋል። እናትሽ ደግሞ ምጣዳቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ “ሰው በባሕር እየሄደ ያልቃል፤ አንቺ በአውሮፕላን ሂጂ ተብለሽ ትመለሻለሽ?” አሉሽ።

ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ሂጂ፤ ተምረሽም ተመለሺ። ቤተሰብሽ ክፉ አስበው አይደለም። ነገር ግን የያዝሽው ዕድል ምን እንደሆነ አልገባቸውም።

ይህ ሙሉ ስኮላርሺፕ አይደለም። አንቺ የዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነሽ። ዲግሪሽን የሚሰጥሽም እሱ ነው። እዚያ የአንድ ሴሚስተር እንግዳ ነሽ፤ የትምህርት ክፍያ የማትጠየቂውም ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ስለተዋዋሉ ነው። ፖላንድ ለሚሄድ ተማሪ በወር 800 ዩሮ ይታሰባል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ እሱም ያልቃል። ከቀረሽ በእጅሽ የሚኖረው የአንድ ሴሚስተር ውጤት የተጻፈበት ወረቀት ነው። እዚህ ደግሞ ስምሽ “ያቋረጠች” ተብሎ ይመዘገባል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያነበብሽው በዜሮ ተባዛ ማለት ነው።

የደላላው መንገድም አጎትሽ እንዳሰቡት ቀላል አይደለም። ጀርመን ገብተሽ ጥገኝነት ብትጠይቂ መጀመሪያ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ቪዛ የሰጠሽ አገር ማን ነው የሚለው ነው። የጥገኝነት ጥያቄን የትኛው የአውሮፓ አገር እንደሚያይ የሚወሰንበት፣ በተለምዶ የደብሊን ደንብ የሚሉት አሠራር አለ። በእሱ መሠረት ጉዳይሽን የማየት ኃላፊነቱ አብዛኛውን ጊዜ ቪዛ የሰጠችሽ የፖላንድ ይሆናል፤ ወደዚያው ሊመልሱሽም ይችላሉ። ደላላው ግን ያን ጊዜ ገንዘቡን ተቀብሎ ጨርሷል። ዕቁቡስ? አጎትሽ በየወሩ መጣል ግዴታቸው ነው። ገንዘቡን ለደላላ ሳይሰጡ እዳቸውን ይዝጉበት። ከእሱ የሚያስፈልግሽ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሆን ትንሽ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍያ አንዳንዴ ይዘገያልና።

ይህን ስጽፍ የማስበው የራሴን ጊዜ ነው። እኔም አቃቂ ነው ያደግኩት። ከአንድ ዲፓርትመንት አራት ሆነን ለአንድ ሴሚስተር ወጣን። ሁለቱ ቀሩ። አልፈርድባቸውም፤ የቤታቸውን ችግር አውቀዋለሁ። በቀጣዩ ዓመት ግን ያ ዩኒቨርሲቲ ከእኛ ዲፓርትመንት አንድም ተማሪ አልተቀበለም። ከእኛ በታች የነበረች ልጅ ፓስፖርቷን አውጥታ፣ ኮርሶቿን መርጣ ትጠብቅ ነበር። ካፌ በር ላይ አስቁማኝ፣ “እኛ ምን አድርገን ነው?” አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ፊቷ እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። አንቺም የተመረጥሽው ከአንቺ በፊት የሄዱት ስለተመለሱ ሊሆን ይችላል።

ለእናትሽ ደግሞ ይህን ንገሪያቸው። መመለስ ማለት በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። ተመርቀሽ ኢራስመስ ሙንዱስ ለሚባለው፣ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ለሚያስተምሩት ማስተርስ ማመልከት ትችያለሽ። ስኮላርሺፑን ካገኘሽ የትምህርቱ ክፍያ ይሸፈናል፤ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይከፈልሻል። ያን ጊዜ እዚያ ያስተማረሽ መምህር የድጋፍ ደብዳቤ ቢጽፍልሽ ትልቅ ነገር ነው። የቀረች ተማሪ ይህን ደብዳቤ ከማን ትጠይቃለች?

አንቺ ያልጠየቅሽኝ፣ እኔን ግን አንድ ዓመት ያስከፈለኝ ነገር አለ። ለርኒንግ አግሪመንት የሚሉት ወረቀት። እዚያ የምትወስጃቸው ኮርሶች እዚህ በየትኞቹ እንደሚተኩ የሚጻፍበት ነው። አንቺ፣ ዲፓርትመንትሽና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ከጉዞው በፊት ትፈርሙበታላችሁ። እኔ ፈርሜ ነው የሄድኩት። እዚያ ስደርስ ግን አንዱ ኮርስ አይሰጥም ተባለና በሌላ ቀየርኩት፤ ለውጡን ግን አላስፈረምኩም። ስመለስ ሬጅስትራሩ በመስኮቱ በኩል ወረቀቴን አገላብጦ መለሰልኝ። “ይሄ ኮርስ እዚህ ላይ የለም” አለኝ። በሌላ አገር ቢ ፕላስ ያመጣሁበት ትምህርት አልተያዘልኝም። የጎደለኝ ኮርስ ደግሞ በዓመት አንዴ ነበር የሚሰጠው፤ ጓደኞቼ ሲመረቁ እኔ እሱን እጠብቅ ነበር። ስለዚህ አንድ ኮርስ እንኳ ብትቀይሪ በዚያው ሳምንት ለዲፓርትመንትሽ ኢሜይል ላኪና አስፈርሚ። የአንድ ሴሚስተር ሙሉ ጭነት በአውሮፓ አቆጣጠር (ECTS) 30 ክሬዲት ነው፤ ከዚያ እንዳያንስብሽ። ውጤትሽንም ሳትይዢ አትምጪ፤ ከዚያ በኋላ በኢሜይል ማሳደድ ወራት ይፈጃል።

እንግሊዝኛሽ ይበቃል፤ ለንግግሩ ብቻ ከአሁኑ ከጓደኛሽ ጋር በቀን ግማሽ ሰዓት በእንግሊዝኛ አውሩ። የመውጫ ፈተናውን የምትወስጂው ስትመረቂ ስለሆነ ከዚህ ጉዞ ጋር አይጋጭም። የሚያሰጋኝ ኢንተርንሺፑ ነው፤ በየትኛው ሴሚስተር እንደሚውል የዲፓርትመንቱን ኃላፊ ዛሬ ነገ ሳትዪ ጠይቂ። ወፍራም ጃኬት ከዚህ አትግዢ። እዚያ የተለበሰ ደህና ጃኬት በርካሽ ታገኛለሽ።

ይህን መልስ ለአጎትሽ አንብቢላቸው። ካልተዋጠላቸው ይዘሻቸው ነይ፤ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ቢሮ አለሁ።