ባለቤቴ ልጃችንን ልታርስ አሜሪካ ሄዳ መመለሱን ረሳችው

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 64 ነው። ከባለቤቴ ጋር 37 ዓመት ኖረናል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፣ ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። እሷ መምህርት ነበረች፣ አምና 60 ሞልቷት ወጣች። ዕድሜ ልካችንን "ልጆቹ ይድረሱና" ስንል ኖረን፣ በቃ አንድ ዓመት ለራሳችን ይሁን ብለን ተነሣን። አርባ ምንጭ ሄደን ጫሞ ላይ በጀልባ አዞ አየን፣ ዶርዜ ቆጮ በማር በላን። ሐረር ማታ ጅብ ሲበላ አየን፤ እሷ በእንጨት ሥጋ ሰጠችው፣ እኔ ፈርቼ ከኋላ ቆምኩ። ጥር ላይ ትንሹን ልጃችንን ዳርነው፣ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ወጣ። ሚያዝያ ላይ ትልቋ ልጃችን ሜሪላንድ ወለደችና ሁለታችንም ሄድን። እሷ በአዳር የምትሠራ ነርስ ናት፣ ባሏ ኡበር ይነዳል። እኔ መኪና አልነዳ፣ ቋንቋው አይቀናኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ሰለቸኝና በሁለት ወሬ ተመለስኩ። ባለቤቴ ስድስት ወሯ ጥቅምት ላይ ይሞላል፤ አሁን "ላራዝም ነው" ትላለች። ልጄም "አባዬ ትንሽ ታገስ" ትለኛለች። ማታ ማታ በቪዲዮ እንደውላለን፣ ሕፃኑን ታሳየኛለች። ቀን ተመላላሽ ሠራተኛ ትመጣለች፣ ማታ ግን ብቻዬን ነኝ፣ እንቅልፍም አጥቻለሁ። ለወንድሟ ብነግረው ደውሎ ተቆጣት፣ ይኸው ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ተኮራርፈናል። ሽማግሌ ልላክባት ወይስ ዝም ልበል?

መልስ፦

ጋሼ፣ ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። "ናፈቀችኝ" የሚል ፈልጌ አጣሁ።

ስለ ሠራተኛዋ ነግረውኛል፣ ስለ ስድስት ወሩ ነግረውኛል፣ ስለ ወንድማቸውም። ይሄንን ግን አልነገሩኝም። ለእኔ ካልነገሩኝ ለባለቤትዎም አልነገሯቸው ይሆናል። እሳቸው ጋ የደረሰው "መቼ ነው የምትመጪው?" የሚለው ብቻ ነው፣ በዚያ ላይ የወንድም ቁጣ ተጨምሮበታል። እንዲህ ሲባል ማንም ሰው፣ ቀድሞ ለመምጣት አስቦ ቢሆን እንኳ፣ እልህ ይይዘዋል።

እስቲ ባለፈው አንድ ዓመት ቤታችሁ ውስጥ የሆነውን አብረን እንየው። ባለቤትዎ ጡረታ ወጡ። ልጅ ተዳረ። ቤቱ ባዶ ሆነ። የልጅ ልጅ መጣ። አገር ዞራችሁ፣ ውቅያኖስ ተሻገራችሁ። አንዱም ለቅሶ የለበትም፣ ሁሉም እልል የሚያሰኝ ነው፤ ሰውም "የታደላችሁ!" ነው የሚላችሁ። ለዚህ ነው ከባድ ዓመት እንደነበር ለራሳችሁ እንኳ ያልነገራችሁት። ቶማስ ሆልምስና ሪቻርድ ራሂ የሚባሉ አሜሪካውያን የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በ1967 እ.ኤ.አ. 43 የሕይወት ለውጦችን ዘርዝረው እያንዳንዱ ሰውን ምን ያህል እንደሚፈትን ነጥብ ሰጥተውት ነበር። የትዳር ጓደኛ ሞት 100 ነው። ጡረታ 45፣ አዲስ ሰው ወደ ቤተሰብ መምጣቱ 39፣ ልጅ ከቤት መውጣቱ 29 አግኝተዋል። ሽርሽር እንኳ 13 አላት። ዝርዝሩ የዛሬ ስንት ዓመት ለአሜሪካ ሰው የተሠራ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ለእኛ አልወስደውም (የልጅ ሠርግ እኛ ጋ ስንት እንደሚያወጣ ድግስ የደገሰ ያውቀዋል)። ሐሳቡ ግን ልክ ነው። መልካሙም ነገር ያደክማል፣ ሲደራረብ ደግሞ ያነጫንጫል፣ እንቅልፍም ይነሳል።

ሌላም አለ። ሮበርት አችሊ የሚባል የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ጡረታ ደረጃ ደረጃ አለው ይላል። መጀመሪያ የጫጉላ ጊዜ ነው፤ ሰው ስንት ዓመት ሲመኘው የኖረውን ያደርጋል። ከዚያ ነገሩ ይቀዘቅዝና "ቀጥሎስ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። እናንተ ጫጉላውን አብራችሁ አሳለፋችሁ፣ አዞውም ቆጮውም ጅቡም እዚያ ውስጥ ናቸው። ስለ "ቀጥሎስ?" ግን፣ ከጽሑፍዎ እንደምረዳው፣ አንድ ቀንም ቁጭ ብላችሁ አልተነጋገራችሁም። ሳትነጋገሩ ለባለቤትዎ መልሱ መጣላቸው። ሕፃን ሆኖ መጣ።

እስቲ በእሳቸው በኩል ይዩት። ዕድሜያቸውን በሙሉ ክፍል ሙሉ ተማሪ "ቲቸር" ሲላቸው የኖሩ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ያ ሁሉ ቆመ። ወዲያው ደግሞ ቤት ውስጥ የቀረው ልጅ አገባ። ይሄኔ ነው ልጅዎ "እማዬ ያለ አንቺ አልችልም" ያለቻቸው። እውነቷንም ነው። እኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ለወላድ 120 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል። አሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ የሚያስከብረው 12 ሳምንት ነው፣ እሱም ያለ ክፍያ፣ እሱም ለሁሉም ሠራተኛ አይደለም። የሕፃናት ማቆያው ወጪ ከቤት ኪራይ ጋር ይፎካከራል። እናትየው በአዳር፣ አባትየው መኪና ላይ ሆነው ያንን ሕፃን ማን ይይዘው? ባለቤትዎ እዚያ ቤት ውስጥ እንግዳ አይደሉም፣ ምሰሶ ናቸው። እርስዎ ደግሞ እዚያ ሶፋው ላይ ነበሩ፣ እዚህም ሶፋው ላይ ነዎት። ይሄን ስልዎት እንዳይቀየሙኝ። ጠቡ ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ እሳቸው የሚያስፈልጉበት ቦታ አገኙ፣ እርስዎ ገና አላገኙም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። እርስዎ ጡረታ ሲወጡ ከሥራ ወጡ። ባለቤትዎ ጡረታ ሲወጡ ከአንዱ ሥራ ብቻ ነው የወጡት፤ ወጥ መሥራቱ፣ እንግዳው፣ የልጁ ድግስ፣ የዘመዱ ለቅሶ እንዳለ ቀጥሏል። "ነይ" ሲባሉ የሚታያቸው የእርስዎ ፊት ይሁን ወይስ ማድ ቤቱ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አላውቅም። እርስዎ ግን ሊጠይቋቸው ይገባል።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ፤ ከጻፉት ሁሉ ልቤን የያዘው እሱ ነው። ማታ ማታ በቪዲዮ ትደዋወላላችሁ፣ ሕፃኑን ያሳዩዎታል። አዩት? ስልኩ የሚዞረው ወደ ሕፃኑ ነው። "አባባን ሰላም በለው፣ እጁን እየው፣ ሳቀ ሳቀ!" ሃያ ደቂቃ እንዲህ ያልፋል፣ ከጀርባ ልጅዎ አለች፣ አማችዎ ሰላም ይላሉ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆራረጥና "በሉ ደኅና እደሩ"። ከሰኔ ጀምሮ ባልና ሚስት ብቻችሁን ስንት ጊዜ አወራችሁ? አንድም ጊዜ አላወራችሁም ቢሉኝ አይገርመኝም። 37 ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ለኖረ ሰው ብቻን ማውራት ቀጠሮ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም፤ አልጋ ላይም፣ ቡና ላይም ይወራል። አሁን ያስፈልገዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀጠሮ ይያዙ። አሁን እኛ ጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን እነሱ ጋ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ ሕፃን ብዙውን ጊዜ የሚተኛበት ሰዓት። (ጥቅምት ማለቂያ አካባቢ እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ፣ ያኔ 7 ሰዓት ይሆናል።) "ሕፃኑ ሲተኛ ደውዪልኝ፣ ብቻሽን ሆነሽ" ብለው አጭር መልእክት ይላኩ። በልጅዎ በኩል ግን አይላኩ። ልጅዎ አሁን አራስ፣ ሠራተኛ፣ በዚያ ላይ የእናትና የአባቷ አስታራቂ ሆናለች፤ የመጨረሻውን ያውርዱላት።

ሲያወሩ ከወንድማቸው ይጀምሩ። እሱን ማስገባትዎ ጥሩ አልነበረም። ባለቤትዎ 61 ዓመት የሞላቸው፣ ስንቱን ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ለወንድማቸው ከሶባቸው በስልክ ሲቆጧቸው፣ ምናልባት ልጃቸውና አማቻቸው እየሰሙ፣ ምን እንደሚሰማቸው ያስቡት። "ለወንድምሽ መንገሬ ትክክል አልነበረም፣ ጨንቆኝ ነው" ይበሉ፣ ከዚያ በላይ አያብራሩ። ቀጥሎ ለእኔ ያልጻፉልኝን ይንገሯቸው። እኔ ቃል አላበጅልዎትም፣ ግን ለምሳሌ "ብቻዬን ቡና አልጠጣልህ አለኝ፣ ማታ ቤቱ ይጨንቀኛል፣ ናፍቀሽኛል፤ እንድትመጪ እፈልጋለሁ፣ ግን መጀመሪያ አንቺ ምን እንደምትፈልጊ ልስማ" ማለት ይቻላል። እንደኛ ላለ ሰው፣ በተለይ በእርስዎ ዕድሜ ላለ ወንድ፣ ይሄ አፍ ላይ የማይመጣ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። አሁንም ካልመጣልዎት ጽፈው ይላኩት።

ከዚያ ዝም ብለው ይስሙ። ሁለት ዓይነት መልስ ሊመጣ ይችላል። አንደኛው፣ ባለቤትዎ ራሳቸው ደክሟቸዋል፤ ሌሊት ሕፃን አቅፈው ያድራሉ፣ ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ግን ልጃቸውን "ልሂድ" ማለት አልቻሉም። ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ስንት እናት ነች "ጥርስ እስኪያወጣ፣ እስኪድህ" እያለች በየጊዜው ቀን የምትጨምረው፣ ማንም አስገድዷት ሳይሆን ልጇ ስታለቅስ ማየት ስለማትችል። እንዲህ ከሆነ የእርስዎ ሥራ ከባለቤትዎ ጋር መሟገት አይደለም። ሁለታችሁ ሆናችሁ ልጃችሁንና ባሏን "እስከዚህ ቀን ነው፣ ከዚያ በኋላ ምን አሰባችሁ?" ብላችሁ መጠየቅ ነው። የሥራ ፈረቃቸውን ያቀያይራሉ፣ ማቆያም ይፈልጋሉ፣ የእነሱ ልጅ ነው። ሁለተኛው መልስ ይከብዳል፤ "እዚህ ደስ ብሎኛል፣ እዚያ ምን አለኝ?" ሊሉዎት ይችላሉ። እንዳይቆጡ። ይሄን ካሉ፣ አብራችሁ ከጀመራችሁት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው እውነተኛ ወሬ እሱ ይሆናል፣ "ብትመጪ ምን እንዲለወጥ ትፈልጊያለሽ?" ብለው ይጠይቁ። መልሱ ማድ ቤት ከሆነ፣ እውነቴን ነው የምልዎት፣ ሽሮ መሥራት በ64 ዓመትም ይለመዳል።

ስለ ቀኑ ደግሞ አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ፓስፖርቱ ላይ ያለው የቪዛ ቀንና አሜሪካ ሲገቡ የተፈቀደላቸው የቆይታ ቀን የተለያዩ ናቸው። ለጎብኚ ብዙውን ጊዜ እስከ 6 ወር ይፈቀዳል። ለማራዘም ያ ቀን ከማለፉ በፊት ማመልከት ያስፈልጋል፣ መፍቀድ አለመፍቀድም የእነሱ ነው። ሳያመለክቱ ቀኑን ካሳለፉ ያው ቪዛው ይበላሻል፣ የልጅ ልጃቸውን ሁለተኛ ልደት ሄዶ ማየትም ጣጣ ይሆናል። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ፣ የደም ግፊትም ይሁን የስኳር፣ የያዙት እንዳያልቅባቸው ይጠይቁ፤ ያለ ኢንሹራንስ እዚያ መታከም ኪስ ይገለብጣል። ይሄን ሁሉ ሲያነሱ ግን እንደ ማስፈራሪያ አያድርጉት። ማራዘሙንም እንደ ክህደት አይዩት። ሁለት ወር ተራዝሞ የመመለሻው ቀን በትኬት ላይ ተጽፎ ከታየ፣ መቼ እንደሚያልቅ ከማይታወቅ ጥበቃ እጅግ ይሻላል።

እስከዚያ ድረስስ እርስዎ? እባክዎ ሶፋውን ይልቀቁት። ዕድሜ ልክዎን ሒሳብ ሠርተዋል፤ ሒሳብ የሚያውቅና ጊዜ ያለው ሰው የሚጠላ ዕድር አላውቅም። አዲስ ሙሽሮቹ ቤት በወር አንዴ እሑድ ይሂዱ፣ ደውለው ብቻ። ጠዋት ጠዋት በእግርዎ ይውጡ፣ ለእንቅልፍዎም ይጠቅማል። እንቅልፉ በዚህ ካልተስተካከለ፣ ወይም ምግብ እያስጠላዎት፣ ነገር ሁሉ እየከበደዎት ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። "ብቸኝነት ነው፣ ትመጣለች ያልፋል" ብለው አይተዉት፤ በዚህ ዕድሜ ድብርት ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ማጣትና ድካም መስሎ ነው የሚመጣው፣ መድኃኒትም አለው።

ሽማግሌውን ለጊዜው ይተዉት። ሽማግሌ ተነጋግሮ ያልተግባባን ሰው ያስማማል፣ እናንተ ገና አልተነጋገራችሁም። ሦስት አራቴ ብቻችሁን አውርታችሁ አሁንም ካልሆነ፣ ያኔ ለባለቤትዎ ነግረው፣ እሳቸውም ሲስማሙ፣ ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ ሰው አብራችሁ ምረጡ። የንስሐ አባት ካላችሁ እሳቸውም ይሆናሉ፣ የድሮ ሚዜም ይሆናል። ወንድምየው ግን አይሁን።