ለመጀመሪያ ልስን ምን መሣሪያ ልግዛ?

ወንድሜ፣ ክፍልህን ራስህ በጂፕሰም ልትለስን እንደተነሣህ፣ ሻጩም ሃያ ዓይነት ዕቃ የያዘውን ሣጥን ግዛ እንዳለህ ጽፈሃል። አትግዛው። ለጀማሪ የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው፤ ገንዘብህን በዋናው መሣሪያ፣ በብረት ፍራታሶው (ልስኑን በምትቀባበትና በምታለሰልስበት ባለ እጀታ ጠፍጣፋ ምላጭ) ላይ አውለው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጠኑ ላይ ነው። እኔም የመጀመሪያዬን ስገዛ «ሰፊ ከሆነ ቶሎ እጨርሳለሁ» ብዬ 40 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመውን መረጥሁ። የግድግዳውን ግማሽ ሳልሸፍን ክንዴ ዛለ። እጅ ሲዝል ምላጩ ወደ አንድ ወገን ያጋድልና በእያንዳንዱ ምት መጨረሻ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጭረት ይተዋል። ስለዚህ ከ28 እስከ 33 ሴንቲ ሜትር ያለውን ያዝ። ከመክፈልህ በፊት እጀታውን ጨብጠው፤ ጣቶችህ የምላጩን ጀርባ የሚነኩ ከሆነ ሌላ ፈልግ። የማይዝግ ብረት ቢሆን ይመረጣል። ተራው ብረት ታጥቦና ደርቆ ዘይት ካልተቀባ ይዝጋል፤ ዝገቱም በነጩ ልስን ላይ ይወጣል። አዲስ ምላጭ ማዕዘኑ ስለታም ስለሆነ ልስኑን ይቧጥጣል፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠርዙን ቀስ ብለህ አለዝበው።

ከዚህ ሌላ ጭቃውን (ያቦካኸውን ጂፕሰም) የምትይዝበት ባለ እጀታ ሰሌዳ፣ የግንበኛ ማንኪያ፣ ብሩሽ፣ ስታጃ (የልስኑን ገጽ የምታስተካክልበት ረጅም ቀጥ ያለ ዘንግ)፣ ውሃ ልክና ሁለት ባልዲ ይበቃሃል። የእንጨት ፍራታሶ የሚያስፈልግህ በሲሚንቶ ስትለስን ነው።

ሁለተኛው ባልዲ ለማጠቢያ ብቻ ይሁን፤ ይህን አደራ እልሃለሁ። አንድ ጊዜ ያቦካሁት ጂፕሰም ገና መቀባት ሳልጀምር ባልዲው ውስጥ ደረቀብኝ። ዱቄቱን ጠረጠርሁ፤ ጥፋቱ ግን በባልዲው ከንፈር ላይ ከትናንት የቀረው ቅርፊት ነበር። የደረቀ ጂፕሰም ከአዲሱ ጋር ሲቀላቀል መጠንከሩን ያፋጥነዋል። ስታቦካም ንጹሕ ውሃውን አስቀድም፤ ዱቄቱን በላዩ ነስንስ።

አያያዙን በተመለከተ፣ ፍራታሶውን ወደምትገፋበት አቅጣጫ ያለውን ጠርዝ ከግድግዳው የጣት ውፍረት ያህል አንሣው፤ ጭቃው እየሳሳ ሲሄድ ዝቅ አድርገው። ሙሉ በሙሉ ካስተኛኸው እንደ መምጠጫ ይጣበቅና ስታነሣው ልስኑን ይዞት ይመጣል። ከመጠን በላይ ካቆምኸው ደግሞ የቀባኸውን ይጠርገዋል። ይህን ልዩነት አንጓህ እስኪለምደው ድረስ በማይፈለግ ሰሌዳ ላይ ቀባ፣ ሳይደርቅ ጥረግ፣ እንደገና ቀባ። የማጠናቀቂያው ልስን ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ትንሽ ማጋደል እንኳ ይታወቅበታል።

የጥግ ማለስለሻውን ለአሁኑ ተወው። አንደኛውን ግድግዳ ጨርሰህ ሲደርቅ አጠገቡ ያለውን ጀምር፤ ጥጉን በፍራታሶው ጫፍና በእርጥብ ብሩሽ ታስተካክለዋለህ።