መልስ፦ የቱጃሮችን ጉልበት ሀብታቸውን በመውረስ መቀነስ ይቻላል ወይ?

ወንድሜ፣ «ጥቂት ቱጃሮች ገበያውንም ቢሮውንም ከያዙት እንደ 1967ቱ ወርሶ መገላገል አይሻልም ወይ?» ብለሃል። እኔ አይመስለኝም። ያኔ ደርግ ሲወርስ የገጠር መሬትና ትርፍ ቤት ከባለርስቱና ከአከራዩ እጅ ወጣ፤ መሬት ላራሹ ተገቢ ነበር እላለሁ። ሥልጣኑ ግን ቀበሌና ጽሕፈት ቤት ገባ እንጂ ሕዝቡ እጅ አልገባም።

የኛን የጎንደርን ሰሊጥ ተመልከት። የመተማ ገበሬ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለአራሚ የሚከፍለው ሲያጣ ከነጋዴ ይበደራል፤ ምርት ሲደርስ ዕዳውን በሰሊጥ ይከፍላል፣ ያውም አበዳሪው በቆረጠው ዋጋ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ፣ ሰሊጥ በይፋ የሚያገበያየው ድርጅት፣ ጎንደር ላይ መጋዘን ቢኖረው ለዚህ ሰው ምን ይረባዋል? ሰሊጡ ገና ማሳ ላይ እያለ ተሽጧል። የቱጃሩ ጉልበት እዚያች የክረምት ብድር ላይ ነው። የገበሬ ማኅበራት በጊዜው ማበደር ቢችሉ ከውርስ ይልቅ ያ ያዳክመዋል።

ትልልቅ ኩባንያዎችን መበተንማ አሜሪካኖች ሞክረውታል፤ በ1911 እ.ኤ.አ. የቱጃሩን የሮክፌለርን የነዳጅ ኩባንያ፣ ስታንዳርድ ኦይልን፣ በፍርድ ቤት 34 ቦታ በታተኑት። ሮክፌለር ግን በሁሉም ውስጥ አክሲዮን ስለነበረው ጭራሽ ከበረ! ስለዚህ መበተኑም ብቻውን አይበቃም። ቢሮውንም እንዳይዙት፣ የመሬት ሊዝ ጨረታ ያሸነፈው ማን እንደሆነ፣ ከድርጅቱ ጀርባ ያለው እውነተኛ ባለቤት ጭምር፣ በአደባባይ ይለጠፍ።