ከቤት ስወጣ የሚተወኝ ራስ ምታት

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ፣ ፔንስልቫኒያ ውስጥ ሄዝልተን አካባቢ ነው። የተከራየነው አሮጌ ቤት የሚሞቀው ቤዝመንት ውስጥ ባለ፣ በእጅ በሚሞላ የድንጋይ ከሰል ፈርነስ ነው። ብርዱ ከጠናበት ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ማታ ማታ ከሰሉን እስከ አፉ ሞልተን፣ እሳቱ እስኪነጋ እንዲቆይልን የአየር መግቢያውን እንዘጋዋለን። ጠዋት ስነሳ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፤ ሥራ ከገባሁ በኋላ ይተወኛል። የ4 ዓመት ልጄም ሁለት ቀን አስታወከ። ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁን የመጡት እናቴ ቀኑን ሙሉ ቤት ስለሚውሉ ድካሙ በእሳቸው ይብሳል። እኔ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ጭስ አይታይም፣ አይሸትም። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ 98 ይላል፤ ግድግዳ ላይ ያለው አላርምም ጮኾ አያውቅም። ጉንፋን ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ ጉንፋን አይመስለኝም። ይህን መልስ ሲያገኙ ቤት ውስጥ ከሆኑ ልጅዎንና እናትዎን ይዘው አሁኑኑ ይውጡ፤ ውጭ ሆነው ወይም ጎረቤት ገብተው 911 ይደውሉ። ካፖርት ለመምረጥ አይዘግዩ፣ መስኮት ለመክፈት ከክፍል ክፍል አይዙሩ፣ ፈርነሱን ላጥፋ ብለውም ወደ ቤዝመንት አይውረዱ። የጋለ ከሰል ላይ ውኃ መድፋት በጭራሽ አይሞከርም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መለኪያ ይዘው ይመጣሉ፣ እሳቱንም እነሱ ያውቁበታል።

የጠረጠርኩት የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝን ነው። በአንድ ጣራ ሥር ያሉ ሦስት ሰዎች ባንድ ሳምንት ታመዋል፣ ብዙ ሰዓት ቤት የሚውለው ሰው የባሰ ታሟል፣ እርስዎ ደግሞ ከቤት ሲወጡ ይሻልዎታል። ትኩሳት፣ ንፍጥና ሳልም አልጠቀሱልኝም።

ጭስ አለመታየቱ አያጽናናዎት። የዚያ አካባቢ ከሰል አንትራሳይት የሚባለው፣ ጠንካራና የሚያብረቀርቅ፣ ሲነድ ጭስ የለውም ለማለት የሚያስደፍር ዓይነት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለም፣ ሽታም ሆነ ጣዕም የለውም። በአገራችን ደጋ ከተሞች «ጭሱ አልቋል፣ ከሰሉ ፍም ሆኗል» ተብሎ ማንደጃው ወደ መኝታ ቤት ሲገባ ቤተሰብ የሚያልቀው በዚሁ ስህተት ነው። ፍሙ ሲቀላ ዓይን የሚቆጠቁጠው ጭስ ይጠፋል፣ ገዳዩ ጋዝ ግን መውጣቱን አያቆምም። እናትዎ ማንደጃን ስለሚያውቁ ይህን ቢያስረዷቸው ቶሎ ይገባቸዋል።

የጣት መለኪያው 98 ማለቱም መሣሪያው መታለሉን እንጂ ጤንነትዎን አያሳይም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከቀይ የደም ሴል ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። መለኪያው የሚያየው የደሙን ቅላት ስለሆነ ጋዙን የተሸከመውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከተሸከመው መለየት አይችልም። ስለዚህ ሆስፒታል ሲደርሱ ጣትዎን ለክተው ደህና ነዎት ቢሉዎት አይመለሱ። «የድንጋይ ከሰል እናነዳለን፣ የካርቦክሲሄሞግሎቢን (ጋዙን የተሸከመው ሄሞግሎቢን) የደም ምርመራ ይደረግልን» ይበሉ፤ ከክንድ ደም ሥር የተቀዳ ደም ይበቃል። ለማያጨስ ሰው ከ3 ወይም ከ4 በመቶ በላይ ከሆነ መመረዙን ያመለክታል። ታዲያ ሰዓቱ ወሳኝ ነው፤ ንጹሕ አየር እየሳቡ ከቆዩ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ መጠኑ በግማሽ ይወርዳል። ሥራ ውለው ማታ ቢመረመሩ ውጤቱ ጤነኛ ሊያስመስልዎት ስለሚችል ከቤት የወጡበትን ሰዓት ለሐኪሙ ይንገሩ።

ሕክምናው በደንብ በሚገጥም ጭምብል የሚሰጥ 100 በመቶ ኦክስጅን ነው፤ የግማሹን ጊዜ ወደ 1 ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ያወርደዋል። ለእርስዎ ግን ከሌላው ሰው በላይ መጠንቀቅ ያሻል። ጋዙ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ይሻገራል፣ ከጽንሱ ደም የሚወጣው ደግሞ ከእናት ደም ዘግይቶ ነው። እርስዎ ተሽሎዎት ሳለ ሕፃኑ ገና ታፍኖ ሊሆን ስለሚችል ኦክስጅኑ ረዘም ላለ ጊዜ ይሰጣል። የአየር ግፊቱ ከፍ በተደረገ ክፍል ውስጥ የሚሰጠውን ኦክስጅን ብዙ ሐኪሞች ለሌላው ሰው የደም ምርመራው ውጤት ከ25 በመቶ ጀምሮ ሲያስቡበት፣ ለነፍሰ ጡር ከ15 እስከ 20 በመቶ ባለው ይጀምራሉ፤ ራሱን የሳተ ሰው ካለ ቁጥሩ አይጠበቅም። እርጉዝ መሆንዎን ገና በር ላይ ይናገሩ። እናትዎ ኢንሹራንስ የላቸውም ብለውም እቤት አያስቀሯቸው፤ ከ1986 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የአሜሪካ ሕግ የድንገተኛ ክፍል የመክፈል አቅምን ሳይጠይቅ መርምሮ የማረጋጋት ግዴታ አለበት። የአማርኛ አስተርጓሚም በስልክ እንዲያገናኙዎት ይጠይቁ። ወተት ማጠጣት፣ ሎሚ ማሽተት ለዚህ መርዝ የሚያደርጉት ነገር የለም።

አላርሙ ለምን ዝም አለ? መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጠው ቀኑን ይዩ፤ ብዙዎቹ ከ7 እስከ 10 ዓመት ካገለገሉ በኋላ አያገለግሉም። የጭስ ብቻ ሆኖም ሊሆን ይችላል። ሦስተኛውን ምክንያት ግን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ በአሜሪካ ደረጃ የተሠራ አላርም የሚጮኸው በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 70 እጅ ጋዝ ሲኖር ከ1 እስከ 4 ሰዓት ቆይቶ፣ በ150 ከ10 እስከ 50 ደቂቃ፣ በ400 ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። 30 ወይም 40 ላይ ለቀናት ዝም ሊል ይችላል፤ ያ መጠን ደግሞ ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃንና ለልብ በሽተኛ ትንሽ አይደለም። ቁጥሩን በስክሪኑ የሚያሳይ፣ ዝቅተኛውንም መጠን የሚለይ መለኪያ ይግዙ። በየፎቁና ከመኝታ ክፍሎቹ ደጃፍ ይሰቀል፤ ከፈርነሱ ግን 5 ሜትር ያህል ይራቅ።

አሁን ወደ ፈርነሱ። አክመን ወደዚያው ቤት ከመለስንዎት ሕክምናው ከንቱ ስለሆነ እዚህ ላይ ዝርዝሩን ልስጥዎት። አንትራሳይት የሚነደው ከሥር በፍርግርጉ በኩል በሚገባ አየር ነው። ማታ ፍሙን በሙሉ በአዲስ ከሰል ቀብራችሁ አየሩን ወዲያው ስትዘጉበት ከሰሉ ጋዝ ያመነጫል፣ ጋዙን ግን የሚያቃጥል ነበልባል የለም። ጋዙ ይጠራቀምና ወይ በበሩና በቧንቧው መጋጠሚያ ወደ ቤት ይገባል፣ ወይ ድንገት ተቀጣጥሎ በሩን በርግዶ ይከፍታል። ትክክለኛው አሞላል እንዲህ ነው፦ ከመሙላታችሁ በፊት የታችኛውን አየር ክፈቱና እሳቱ ይንቃ፤ የመሙያውን በር መጀመሪያ በጣት ስፋት ብቻ ገርበብ አድርጋችሁ ትንሽ ጠብቁ፤ ከሰሉን አንድ ጎን ላይ ከምሩና በሌላው ጥግ የቀላ ፍም ሳይሸፈን ይቅር። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ በአዲሱ ከሰል ላይ ሰማያዊ ነበልባል ሲጨፍር ታያላችሁ። አየሩ የሚቀነሰው ያን ጊዜ ነው፤ ያኔም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ከእሳቱ በኋላ ያለውን የጭስ ቧንቧ መዝጊያ ደግሞ ሌሊት ጥርቅም ማድረግ ራስን በር ዘግቶ ማፈን ነው።

ጭስ ማውጫውንም ባለሙያ ይየው። አንትራሳይት ጥላሸት ባይበዛውም እንደ ዱቄት የላመ አመድ አለው፤ በቧንቧው ክርንና በጭስ ማውጫው ግርጌ እየተቆለለ መንገዱን ይዘጋል። እሳት በሌለበት የበጋ ወራት ይኸው አመድ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆንና ቧንቧውን ይበሳዋል። ባለቤትዎ እሳቱ ጠፍቶ ቧንቧው ሲቀዘቅዝ በብረት መጥረጊያ ይጥረገው፣ ክረምቱን ሙሉም ቢያንስ በወር አንዴ ፈቶ ይየው። ባለሙያው የጭስ ማውጫውን ስበት (ጭሱን ወደ ላይ የመሳብ ኃይሉን) በመለኪያ ለክቶ በፈርነሱ መመሪያ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ያስተያየው። ብርድ ፈርታችሁ መስኮቱን ሁሉ በላስቲክ አሽጋችሁ የወጥ ቤቱን አየር ማውጫና የልብስ ማድረቂያውን ባንድ ላይ ስታስነሱ፣ ቤቱ አየር ሲያጣ በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ታች ይስባል። ብርዱ ድንገት ረገብ ሲልም ንቁ፤ ጭስ ማውጫው በደንብ የሚስበው ውጭው ሲቀዘቅዝ ስለሆነ ለብ ባለ ቀን ጋዙ ወደ ቤት ይመለሳል። አመዱንም ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ወዲያው ወደ ውጭ አውጡት፤ በውስጡ ያለው ፍም ቤዝመንት ውስጥም ጋዝ ይለቃል።

ፈርነሱ እስኪጠገን ዘመድ ቤት መቆየት ይሻላል። አይሆንም ካሉና የእሳት አደጋ ሠራተኞቹም ቤቱን ለክተው ከፈቀዱ፣ ቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ የተሰካ፣ ከመጋረጃና ከአልጋ 1 ሜትር የራቀ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተጠቀሙ። የጋዝ ምጣድ ከፍቶ መሞቅ፣ ለባርቤኪው የተገዛውን ከሰል ወደ ሳሎን ማስገባት ከቀድሞው የባሰ ነው። እናትዎ ቡና በከሰል ካልፈላ አይጥመኝም ቢሉም እንኳ ጀበናው የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይጣድ። ጥገናው የአከራዩ ጉዳይ ነው፤ ጥያቄዎን በጽሑፍ ያስገቡና ቅጂውን ያስቀሩ።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ እስከ 40 ቀን ድረስ ሁላችሁንም ተከታተሉ። መርሳት፣ ሚዛን ማጣት፣ የጠባይ መለወጥ፣ የእናትዎ አካሄድ መጎተት፣ ልጁ የለመደውን ጨዋታ ወይም ንግግር መተው ከታየ ዘግይቶ የሚመጣ የአንጎል ጉዳት ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም ተመለሱ። እናትዎ ደረታቸውን ከወጋቸው በዚያው ሰዓት 911 ይደውሉ። ለእርግዝና ክትትል ሐኪምዎም የደም ምርመራውን ውጤትና ስንት ሌሊት እንደተጋለጡ ይንገሩ፤ የጽንሱን ዕድገት በአልትራሳውንድ ደግመው ማየት ይፈልጋሉ።