መልሱ ሳያረጅ ይድረስ

ልጆች፣ በሥራ ላይ ያለን የገመድ አልባ ኔትዎርክ በሲሙሌሽን (በኮምፒውተር አስመስሎ በማስላት) ልትመሩ ከሆነ፣ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ። የምታገኙት መልስ እስከ መቼ ያገለግላል?

ለጥናት ሲሆን ይህ አያሳስብም። ሲሙሌተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ ማን ይቆጣል? የኔትዎርኩ ግን ሌላ ነው። በ3.5 ጊጋኸርዝ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሚበር መኪና ውስጥ ያለ ስልክ የሚደርሰው ሲግናል በጥቂት ሚሊሰከንድ ይለዋወጣል። እሱን ልከተል ብትሉ አትደርሱበትም። ስልኩን ለሚያገናኘው የአንቴና ጣቢያ፣ ለቤዝ ስቴሽኑ ተዉለት።

ሲሙሌሽን የሚያዋጣው ቀስ ብሎ በሚለወጠው ላይ ነው። ሀንድኦቨርን፣ ማለትም ስልክ ከአንድ ሴል (አንድ አንቴና ከሚሸፍነው አካባቢ) ወደ ሌላው መሻገሩን እንይ። ጎረቤት ሴል በሲግናል ጥንካሬ በ3 ዴሲቤል በልጦ ብልጫው 320 ሚሊሰከንድ ከቆየ ስልኩ ይሻገር ተብሏል እንበል። መንገዱ ሲጨናነቅ ድንበር ላይ ያሉ ስልኮች ወዲያና ወዲህ መመላለስ ይጀምራሉ። 320ውን ከፍ ብታደርጉት ምልልሱ ይቀንሳል። ፈጣኑ መኪና ውስጥ ያለው ስልክ ግን ዘግይቶ ይሻገርና ጥሪው ሊቋረጥ ይችላል። ይህን በቀጥታ መሞከር በሰው ስልክ መጫወት ነው። ስለዚህ የአሁኑን የሴሎች ጭነትና ከስልኮቹ የሚመጣውን ልኬት ለሲሙሌተሩ ስጡት። ሁለት ሦስት አማራጭ ጎን ለጎን አሠሩት፣ የተሻለውን ውሰዱ። በጥቂት ደቂቃ ካለቀ መንገዱ ገና እንደተጨናነቀ ነው፣ መልሱም ይሠራል።

ለመፍጠን ደግሞ ዝርዝሩን መቁረጥ ያስፈልጋል። ኤንኤስ-3 የተባለው ሲሙሌተር እያንዳንዱን ፓኬት (ትንሽ የዳታ ጥቅል) ይከታተላል። ብዙ ያስተምራል፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ተጠቃሚ ሲበዛ ግን ይንቀራፈፋል። ለዚህ ውሳኔ የሴሉ አማካይ ጭነት ይበቃል። ሕንፃዎቹን በሦስት አቅጣጫ ስለው የሚያሳዩ ሞዴሎችም አሉ። አለቃ ፊት ያምራሉ፤ ያ ሁሉ ውበት ግን ጊዜ ይበላል።

የቀረው ሞዴሉን አለማመን ነው። በየዙሩ የተነበየውን ሲግናል ከተለካው ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ 6 ዴሲቤል ከደረሰ ቀላል አይምሰላችሁ፤ በክፍት ቦታ ርቀቱን በእጥፍ እንደ መሳት ነው። ምናልባት አንድ አንቴና ዘንበል ብሏል፣ ወይም አዲስ ሕንፃ ተተክሏል። ምክንያቱ እስኪታወቅ ሲሙሌተሩ ትእዛዝ መስጠቱን ያቁም፣ ኔትዎርኩም ወደ ቀድሞ ቅንብሩ ይመለስ። አለቃችሁ ሞዴሉ መቼ ያልቃል እያለ ቢነዘንዛችሁም፣ መጀመሪያ የምትሠሩት ይህንን መመለሻ ይሁን።