ጎረቤት የሚሠራው ፎቅ የእሳት አደጋ መውጫችንን ዘጋው ላልከው

ፖሊስ ጋ አትሂድ። ግንባታ የማስቆም ሥልጣን ያለው በሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ያለው የሕንፃ ሹም (የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው ኃላፊ) ነው። የተዘጋውን በርና የዘጋውን የቆርቆሮ አጥር ፎቶ አንሳ። ማመልከቻው በአንተ ስም ሳይሆን በኮንዶሚኒየሙ ማህበር ስም ይግባ። በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ «ደረሰ» የሚል ማህተም ማስመታት እንዳትረሳ፤ ያለዚያ «አላየንም» ይሉሃል።

ካልሰሙ ፍርድ ቤት «ሁከት ይወገድልኝ» (በይዞታዬ እንዳልጠቀም የሚያውከኝ ነገር ይነሳልኝ) ብላችሁ ክሰሱ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 ነው፣ ሁከቱ ከተፈጠረ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ግንባታው እንዲቆም የእግድ ጥያቄም አብሮ ይግባ፤ ፎቁ ካለቀ በኋላ ማስፈረስ ሌላ ጣጣ ነው።

አንድ ነገር፦ አሠሪው «ትንሽ ታገሡኝ» ካለ በጽሑፍ ያስፍር፣ ቀኑንም ይጥቀስ። የእኛ ጎረቤት እየማለ ቆርቆሮውን በብሎኬት ተካው። አጥሩን ራሳችሁ እንዳታፈርሱ ደግሞ፣ ተከሳሽ ትሆናላችሁ።