አዲስ ሥራ ላይ ታመምኩ፤ ልቅር ወይስ ልግባ? (ጥያቄና መልስ)

ጤና ይስጥልኝ። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ የንግድ ድርጅት ሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ረጅም ዘመን ሠርቻለሁ፤ ጸጉሬ የሸበተው የሕክምና ማስረጃ ስቀበልና ስመልስ ነው። ዛሬ የምመልሰው በግል ድርጅት ተቀጥራችሁ ለምትሠሩ ነው። መሠረቴ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የምትተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለሆነ እዚህ የምጠቅሰውን ቁጥር ይዛችሁ መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ እንዳትከራከሩበት። የሥራ መሪ የሆናችሁም እንዲሁ፣ ይህ አዋጅ እናንተን አይመለከትም። በሉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለገሃር አካባቢ አንድ አስመጪ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኝነት ከገባሁ አምስተኛ ሳምንቴ ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ትኩሳት አለኝ፣ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ራሴን ይፈልጠኛል። እናቴ "ቅሪ" ትለኛለች። እኔ ደግሞ በሙከራ ጊዜ ከቀረሁ ያሰናብቱኛል ብዬ ፈራሁ። ልቅር ወይስ ማስታገሻ ውጬ ልግባ?

መልስ፦ እግዜር ይማርሽ። ደስ የማይለውን አስቀድሜ ልንገርሽ። በአዋጁ አንቀጽ 85 መሠረት የሕመም ፈቃድ መብት የሚጀምረው የሙከራ ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው። የሙከራ ጊዜ ደግሞ ከተቀጠርሽበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ 10 ሳምንት፣ አምስት ቀን ለሚሠራ 12 ሳምንት ገደማ መሆኑ ነው። አንቺ ገና መሃል ላይ ነሽ። ስለዚህ የድርጅትሽ የሥራ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነት የተሻለ ነገር ካላስቀመጠ በቀር፣ የቀረሽበትን ቀን ደመወዝ ክፈሉኝ ብለሽ በሕግ ማስገደድ ያስቸግርሻል።

ስለ ስንብቱም እውነቱን ልንገርሽ። አሠሪ በሙከራ ጊዜ ያለማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚችለው ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ሳይገኝ ሲቀር ነው። አንድ ቀን ትኩሳት መያዝ ለሥራው አለመመጠን አይደለም። ግን "ሥራውን አልቻለችም" ብለው በሁለት መስመር ደብዳቤ ቢሸኙሽ ተከራክሮ መርታት ቀላል አይሆንም።

ታዲያ ታመሽም ግቢ ማለቴ ነው? አይደለም። በእኔ ጠረጴዛ በኩል ሲታይ በሙከራ ጊዜ ብዙ ሰው የሚሸኘው በመታመሙ ሳይሆን ዝም ብሎ በመጥፋቱ ነው። ስልኩን አጥፍቶ ይተኛል፣ በሦስተኛው ቀን ከች ይላል፣ "አሞኝ ነበር" ይላል። አለቃው በዚያ ሦስት ቀን ሌላ ሰው ማፈላለግ ጀምሯል። አንቺ ሥራ መግቢያ ሰዓት ሳይደርስ ለቅርብ አለቃሽ ደውዪ። ካላነሳ በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦

"እንደምን አደሩ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ትኩሳት ስላለብኝ ዛሬ መግባት አልቻልኩም። አሁን ወደ ጤና ጣቢያ እየሄድኩ ነው፤ ሐኪሙ ያለኝን ከሰዓት አሳውቃለሁ። የትናንቱ የባንክ ደረሰኞች ጠረጴዛዬ ላይ በሰማያዊው ፋይል ውስጥ ናቸው።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለያት። አለቃሽ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ጤናሽ ሳይሆን ስለ ደረሰኙ ነው፤ ክፋት ኖሮበት አይደለም፣ እሱም አለቃ አለው። ስትመለሺ የሕክምና ማስረጃውን ስጪና "ቀኑ ከደመወዜ ይቆረጥ ወይስ ቅዳሜ ከሰዓት ገብቼ ላካክስ?" ብለሽ አንቺው አንሺው። ደግሞ ታይፎይድ ይሁን ታይፈስ ሳይለይ ከፋርማሲ መድኃኒት ገዝተሽ እንዳትጀምሪ። ተመርመሪ።

ጥያቄ፦ ውሌ ላይ "የሙከራ ጊዜ ስድስት ወር" ይላል። አሁን አራት ወር ሞልቶኛል። ብሮንካይት ይዞኝ ሐኪም የአራት ቀን ዕረፍት ጽፎልኝ ነበር፤ ሰው ሀብቷ "አንተ ገና ሙከራ ላይ ነህ፣ የሕመም ፈቃድ የለህም" ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ።

መልስ፦ ይህን የመሰለ ውል ስንቴ እንዳየሁ! ወንድሜ፣ ውሉ ስድስት ወር ቢልም ሕጉ የሚያውቀው 60 የሥራ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ብትፈርምበትም አይጸናም። አራት ወር በማናቸውም አቆጣጠር ከ60 የሥራ ቀን ያልፋል፤ አንተ ሙሉ ሠራተኛ ነህ። ከሙከራ በኋላ ሥራህን ከቀጠልክ ደግሞ አገልግሎትህ የሚቆጠረው ሙከራውን ከጀመርክበት ቀን ነው።

ግን ጠብ አታንሳ። የማስረጃውን ፎቶ ኮፒ ለራስህ አስቀር፣ ዋናውን ከአጭር ማመልከቻ ጋር አያይዘህ በመዝገብ ቤት በኩል አስገባ፣ ኮፒህ ላይ "ደርሶናል" አስብለህ ቀን አስጽፍበት። ማመልከቻው ላይ አንቀጽ 11ንና 85ን ጥቀስ። እኔ ራሴ አንቀጽ የተጠቀሰበት ማመልከቻ ሲደርሰኝ ሳላነብ መልሼ አላውቅም። ሰው ሀብቷም አንድ ጊዜ አዋጁን ትገልጣለች።

ጥያቄ፦ መርካቶ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነው የምሠራው። ውል የሚባል ነገር የለኝም፣ በቃል ነው የገባሁት። አሠሪዬ "ሦስት ወር ሙከራ ነህ" ይለኛል።

መልስ፦ የሙከራ ቅጥር በጽሑፍ ካልተደረገ የሙከራ ቅጥር አይባልም። በቃል የተባለው ሙከራ አይያዝልህም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ መደበኛ ሠራተኛ ትቆጠራለህ። የጽሑፍ ውል ሳይኖር ከቀጠረህ ደግሞ በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጥህ ይገባ ነበር። መርካቶ ላይ ይህን ሄደህ ብትነግረው እንዴት እንደሚያይህ አውቃለሁ። ቢሆንም ደመወዝ የተቀበልክበትን የባንክ መልእክትና ከእሱ ጋር የተላላካችሁትን ሁሉ አታጥፋ። አንድ ቀን መቀጠርህን ማስረዳት ያስፈልግህ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የትኛው ወረቀት ነው ተቀባይነት ያለው? የግል ክሊኒክ ይሆናል? የሰጠኋቸውን መለሱብኝ።

መልስ፦ ሕጉ የሚለው በመንግሥት እውቅና ካለው የሕክምና ድርጅት የተሰጠ ማስረጃ ነው። ዘውዲቱ ሆስፒታል ይሁን የሰፈር ጤና ጣቢያ ወይም ፈቃድ ያለው የግል ክሊኒክ፣ ልዩነት የለውም። የፋርማሲ ደረሰኝና የላቦራቶሪ ውጤት ብቻውን ግን ዕረፍት አያሰጥም።

የሚመለሱት ወረቀቶች አብዛኞቹ የሚመለሱት በጥቃቅን ነገር ነው። ሐኪሙ ጽፎ ይፈርማል፣ በሽተኛው ራስ ምታቱን ይዞ ቀጥ ብሎ ወደ ታክሲ ይሮጣል፤ ማኅተሙ ግን ያለው ካርድ ክፍል ወይም እንግዳ መቀበያው ጋ ነው። ወይ ደግሞ ማኅተሙ ቀኑ ላይ አርፎ 12 ይሁን 17 አይለይም። ከሁሉ የሚያከራክረው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ሐኪሙ በፈረንጅ ይጽፋል፣ የድርጅቱ የሰዓት መቆጣጠሪያ በኢትዮጵያ ነው፤ "ከ5 እስከ 8" የተባለው የትኛው ወር እንደሆነ ሳይገባን ቀርቶ ስንት ጊዜ ስልክ ደውለናል። ከክፍሉ ሳትወጡ ስማችሁ መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው መጻፉን፣ የታከማችሁበትን ቀን፣ ዕረፍቱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ ፊርማውንና ማኅተሙን እዩ። ትላንት ቀርታችሁ ዛሬ ብትታከሙ ሐኪሙ ለትላንት የመጻፍ ግዴታ የለበትም። ስለዚህ በታመማችሁ ቀን ታከሙ።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ አንድ ክሊኒክ ከፍለህ "የሦስት ቀን ሲክ ሊቭ" ይጽፉልሃል ይባላል።

መልስ፦ ሰምቻለሁ። ሰው ሀብት ክፍል ወደ ክሊኒኩ ደውሎ የካርድ ቁጥሩን ሲጠይቅ ነገሩ ይወጣል። በሕመም የቀረ ሰው ቢበዛ የሦስት ቀን ደመወዝ ነው የሚያጣው፤ ሐሰተኛ ማስረጃ ያቀረበ ግን ያለማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል፣ በወንጀልም ሊጠየቅ። ተወው።

ጥያቄ፦ ሙከራዬን ጨርሻለሁ። ብታመም ስንት ይከፈለኛል?

መልስ፦ የመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥለው ያሉት ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ደመወዝህ 12,000 ብር ቢሆን መጀመሪያ 12,000፣ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ 6,000፣ ከዚያ ባዶ። ጠቅላላው ከስድስት ወር አይበልጥም፤ ተከታትሎም ሆነ ተቆራርጦ ቢወሰድ፣ መጀመሪያ ከታመምክበት ቀን አንስቶ ባሉት 12 ወራት ውስጥ ይደመራል። ወርኃ ጥቅምት የወሰድካት ሁለት ቀን መጋቢት ላይ አብራ ትቆጠራለች።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ ሐኪም ቤት ሄጄ ምንም አላገኙብኝም። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ሰባት ቀን ልጠመቅ አስቤያለሁ። ፈቃድ ይሰጠኛል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርሽ ልጄ። በሕመም ፈቃድ ስም አይሰጥሽም፤ የቤተ ክርስቲያን ወረቀት የሕክምና ማስረጃ ሆኖ አይያዝም። ግን ሌላ በር አለ። በልዩና አሳሳቢ ምክንያት እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል፣ በበጀት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ። እንደ አለቃሽ ነው፤ ጠዋት ተጠምቀሽ አርፍደሽ እንድትገቢ የሚስማማም አለ። ጠይቂ፣ የተስማማችሁትንም በጽሑፍ አስቀሪ፤ የማርፈድ ማስጠንቀቂያ ሲጠራቀም ከሥራ የሚያሰናብት ምክንያት ይሆናልና። ሐኪም የጀመረልሽ መድኃኒት ካለ ደግሞ ከጠበሉ ጋር አብረሽ ውሰጂው፣ አታቋርጪ።

ጥያቄ፦ ልጄ ታሞ ነው እንጂ እኔስ ደህና ነኝ።

መልስ፦ የሕመም ፈቃድ ለራስ ነው። ለልጅ ወይም ለእናት ማስታመሚያ ያው ከላይ ያልኩት ያለ ክፍያ ፈቃድ ነው ያለው፣ የድርጅትሽ ደንብ ካልጨመረ። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ቢሆንም የሚሰጠው አንድ ዓመት ካገለገልሽ በኋላ ነው። አንዳንድ ድርጅት አስቀድሞ ያበድራል፤ መጠየቁ አይጎዳም።

ጥያቄ፦ ስታዲየም አካባቢ ሆቴል ወጥ ቤት ከገባሁ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ዘይት የፈሰሰበት ወለል ላይ አዳልጦኝ እጄ ተሰበረ። "ሙከራ ላይ ስለሆንሽ አይመለከተንም" አሉኝ።

መልስ፦ በጣም ይመለከታቸዋል! ይህ ሕመም ሳይሆን በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው፣ የተለየ ምዕራፍ አለው፤ ሙከራ ጨረሰች አልጨረሰች አይባልበትም። የሕክምናውን ወጪ አሠሪው ይሸፍናል። መሥራት ባልቻልሽበት ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈልሻል። ያዳለጠሽን ያየ የሥራ ባልደረባ ካለ ስሙን ያዢ። ሐኪም ቤት ስትሄጂ "ወደቅኩ" ብቻ አትበዪ፣ "ሥራ ቦታ ወጥ ቤት ውስጥ ወደቅኩ" በዪ፤ ካርዱ ላይ እንዲጻፍ።

እግረ መንገዴን፣ ምግብ የምታዘጋጁ ሁሉ፦ ተቅማጥና ትውከት ይዟችሁ ሽንኩርት አትክተፉ። ሙከራም ብትሆኑ ቅሩ። አንድ ሆቴል ሙሉ ተመጋቢ ከሚታመምበት የአንድ ቀን ደመወዝ ቢቆረጥባችሁ ይሻላል፤ ይህን ለአለቃችሁ እንዲሁ ብላችሁ ንገሩት፣ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ አለቃዬ "ምንድን ነው ያመመህ? ምርመራ አድርገህ ውጤቱን አምጣ" ይለኛል። ግዴታ አለብኝ?

መልስ፦ ማስረጃውን ለሰው ሀብት ክፍል ስጥ፤ የምትሠራበት ክፍል በሙሉ ማንበብ የለበትም። ሐኪሙን የበሽታውን ስም ሳይዘረዝር የዕረፍቱን ቀን ብቻ እንዲጽፍልህ መጠየቅ ትችላለህ፣ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። አሠሪ በቂ ምክንያት ሲኖረው የጤና ምርመራ እንድታደርግ ሊጠይቅህ ይችላል፤ ያለ በቂ ምክንያት እንቢ ማለት ጥፋት ነው። የኤችአይቪ ምርመራ ግን ከዚህ በግልጽ ተለይቷል። እሱን ማንም አያስገድድህም።

ጥያቄ፦ በጣም ታምሜ ሁለት ቀን ራሴን አላውቅም ነበር፤ ስልክም አልደወልኩ። አሁን ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ።

መልስ፦ ሕጉ በቀራችሁበት ማግስት አሳውቁ ይላል፤ ማሳወቅ የማይቻልበት ሁኔታ ከነበረ ግን አያስገድድም። ተኝተህ የታከምክበትን ማስረጃ አያይዘህ ማስጠንቀቂያው እንዲነሳልህ ጻፍ። ዝም ካልክ ፋይልህ ውስጥ ይቀመጣል። በስድስት ወር ውስጥ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በድምሩ አምስት የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው ያለማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል፤ የአንተ ሁለት ቀን እዚያ ውስጥ እንዳይቆጠር ነው።

ጥያቄ፦ ሙከራዬን ጨርሼ ስምንተኛ ወሬ ነው። የ10 ቀን የሐኪም ዕረፍት ወስጄ ስመለስ ጥበቃው "አትገባም ተብሏል" አለኝ። ደብዳቤም አልሰጡኝም።

መልስ፦ በማስረጃ የተደገፈ ሕመም፣ የስድስት ወሩ ጣሪያ ሳይሞላ፣ ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም። ዛሬውኑ ለሥራ መምጣትህን የሚገልጽ ማመልከቻ አስገባ፤ ካልተቀበሉህ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላከው፣ ደረሰኙን ያዝ። ከዚያ በክፍለ ከተማህ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አመልክት፤ አሠሪህን ጠርተው ሊያስማሟችሁ ይሞክራሉ። ካልሆነ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ፣ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሽምግልናው እየተጓተተ ሦስት ወሩ እንዳያልፍብህ የተመለስክበትን ቀን አሁኑኑ ጽፈህ ያዝ፤ ጥበቃው የመለሰህን ቀንና ሰዓት፣ አብሮህ የነበረ ሰው ካለም ስሙን።